በግንብ ላይ የተጻፈ ስም፤ የጄ. ኤድጋር ሁቨር ሕይወትና የአንድ ሕንጻ ክርክር

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። በመንግሥት ሕንጻ ግንብ ላይ የተጻፈ ስም ግን ለባለቤቱ ብቻ የሚቀር አይደለም። በበሩ የሚገባው ባለጉዳይም ሆነ በውስጡ የሚሠራው ሹም ስለሚጠራው የሕዝብ ንብረት ይሆናል። በዋሽንግተን ከተማ በፔንሲልቫኒያ ጎዳና ላይ የቆመው ሰፊ ሕንጻ የጄ. ኤድጋር ሁቨርን ስም መያዙ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረውም ስለዚህ ነው። ክርክሩን ለመረዳት የሰውየውን ሕይወት ማወቅ ያስፈልጋልና ታሪካቸውን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ሁቨር ጃኑዋሪ 1 ቀን 1895 ዓ.ም. በዋሽንግተን ተወለዱ፤ መኖሪያቸውም መሞቻቸውም ይህችው ከተማ ሆነች። አባታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። እርሳቸውም በወጣትነታቸው ቀን ቀን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በመልእክተኝነት ጀምረው በጸሐፊነት እየሠሩ፣ ማታ ማታ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ። በቤተ መጻሕፍቱ የእያንዳንዱ መጽሐፍ ስም በካርድ ተጽፎ በተራ የሚቀመጥበትንና በቶሎ የሚገኝበትን ዘዴ አጠኑ። ይህ ትንሽ የሚመስል ሙያ በኋላ የሥልጣናቸው ሁሉ መሠረት ሆነ።

በ1917 ዓ.ም. በፍትሕ ሚኒስቴር ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በየከተማው ቦምብ በመፈንዳቱ መንግሥት ሲደናገጥ፣ የአብዮት ደጋፊዎችን የሚከታተለው ክፍል ኀላፊ ሆኑ። በዚህ ጊዜ በካርድ ላይ የሚጻፈው የመጽሐፍ ስም መሆኑ ቀርቶ የሰው ስም ሆነ። በጃኑዋሪ 1920 ዓ.ም. በተደረገው አፈሳ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ተያዙ፤ ብዙዎቹም የተያዙት ያለ ማዘዣ ነበር። ማስረጃ ስላልተገኘባቸው የተለቀቁት ጥቂቶች አልነበሩም።

በ1924 ዓ.ም. የምርመራው ቢሮ በጉቦና በወገንተኝነት ስሙ ጠፍቶ ሳለ፣ ገና የ29 ዓመት ወጣት የነበሩት ሁቨር እንዲመሩት ተሾሙ። እዚህ ላይ ሙያቸውን ሳናደንቅ አናልፍም። በአማላጅ የገቡትን አሰናበቱ፤ ሕግ ወይም ሒሳብ የተማሩትን መረጡ። በየስፍራው ተበታትኖ የነበረውን የጣት አሻራ በአንድ መዝገብ ሰበሰቡ። በ1932 ዓ.ም. የምርመራ ላቦራቶሪ፣ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ የፖሊሶች ማሠልጠኛ አቋቋሙ። በ1942 ዓ.ም. የጃፓን ተወላጅ የሆኑ አሜሪካውያን በጅምላ ከቤታቸው ተነሥተው በሠፈር እንዲታጐሩ ሲወሰን፣ ለአገር ደኅንነት አስፈላጊ አይደለም ብለው ከተቃወሙት ባለሥልጣኖች አንዱ እርሳቸው ነበሩ።

ነገር ግን ለሥልጣናቸው የጊዜ ገደብ አልነበረውም። ፕሬዚዳንቶች ሲለዋወጡ እርሳቸው በወንበራቸው ጸኑ። በሕጉ መሠረት ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ጡረታ መውጣት ሲገባቸው፣ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1964 ዓ.ም. ከዚህ ደንብ ነጻ አደረጓቸው። ቢሮው ከ1956 እስከ 1971 ዓ.ም. ባካሄደው የምሥጢር ዘመቻ፣ ወንጀል ያልሠሩ ሰዎችንና ማኅበሮችን ሳይቀር እርስ በርስ ለማጋጨትና ስማቸውን ለማጥፋት ይሠራ ነበር። የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ስልክ ተጠለፈ። የኖቤል የሰላም ሽልማታቸውን ለመቀበል ጥቂት ሳምንት ሲቀራቸውም፣ ራሳቸውን እንዲያጠፉ የሚገፋፋ ስም የለሽ ደብዳቤ ከዚሁ ቢሮ ተላከባቸው።

በማርች 1971 ዓ.ም. የማይታወቁ ሰዎች በፔንሲልቫኒያ ግዛት ሚዲያ በምትባል ከተማ ያለውን የቢሮውን ቅርንጫፍ ሰብረው ወረቀቶቹን ለጋዜጦች ሲልኩ ምሥጢሩ መውጣት ጀመረ። ሚስተር ሁቨር ሜይ 2 ቀን 1972 ዓ.ም. ሞቱ፤ በመሪነት የቆዩትም 48 ዓመት ያህል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ኒክሰን አዲሱ ሕንጻ በስማቸው እንዲጠራ አደረጉ። ሕንጻው ገና አላለቀም ነበር፤ የሰውየውም መዝገብ ገና አልተመረመረም። የግል መዝገባቸውንማ ለረጅም ዘመን ያገለገሉት ጸሐፊያቸው አጠፉት። ፕሬዚዳንት ፎርድ በሴፕቴምበር 1975 ዓ.ም. ሕንጻውን ሲመርቁ፣ በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራው የሴኔት ኮሚቴ የዚያኑ ቢሮ ጥፋት በመመርመር ላይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የኮሚቴው ዘገባ ሕግ የተጣሰበትን ሁሉ ዘርዝሮ ለሕዝብ አቀረበ።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው። በ1975 ዓ.ም. ምክትል ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበሩትና በኋላ ዳኛ የሆኑት ሎረንስ ሲልበርማን፣ የቀሩትን የምሥጢር መዝገቦች በሥራቸው ምክንያት አንብበዋል፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ ስሙ ከሕንጻው እንዲነሣ በጽሑፍ ጠየቁ። ሴናተር ሃሪ ሪድም በ1998 ዓ.ም. ይህንኑ ሐሳብ ለሴኔቱ አቅርበው ተቀባይነት አላገኙም። በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ የጣት አሻራውን መዝገብ፣ ላቦራቶሪውንና ማሠልጠኛውን እየቈጠሩ፣ መሥሪያ ቤቱን ከውርደት ያወጣ ሰው ስሙ ሊፋቅ አይገባም ይላሉ።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ ሙያ ነው። ወንጀለኛውን ያስያዘው ካርድና ንጹሑን ያስጨነቀው ካርድ የተቀመጡት በአንድ መሳቢያ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የካርዱ አያያዝ ሳይሆን መሳቢያውን ከፍቶ የሚቆጣጠር መጥፋቱ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን በመረዳት በ1976 ዓ.ም. የቢሮው ዲሬክተር ከአሥር ዓመት በላይ እንዳያገለግል በሕግ ወሰነ። ግንቡ ላይ ስሙ ቢቀርም ቢነሣም፣ ከክርክሩ ሁሉ ለሕዝቡ የበለጠ የጠቀመው ይህ ሕግ ይመስለናል።

ቢሮው ከዚህ ሕንጻ ወጥቶ ወደ ሌላ እንደሚዛወር በ2025 ዓ.ም. ተነግሯል። መሥሪያ ቤት ይዛወራል፤ ሕንጻም አርጅቶ ይፈርሳል። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ግን ከሐውልቱና ከሕንጻው ይልቅ ስለ መዝገቡ ቢጨነቅ ይሻለዋል። እንግዲህ ዛሬ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ማኅደር ሥራ የምንጀምር ወጣቶች፣ በእጃችን ያለውን መዝገብ ነገ ሌላ ሰው ከፍቶ እንደሚያነበው እያሰብን ብንጽፍ መልካም ነው።