ኤድስኸር ዳይክስትራ

ኤድስኸር ዋይቤ ዳይክስትራ (ሜይ 11 ቀን 1930 – ኦገስት 6 ቀን 2002 እ.ኤ.አ.) የሆላንድ ተወላጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው በአጭሩ መንገድ አልጎሪዝሙ ነው፤ የፕሮግራም ስህተት ምን ተብሎ መጠራት እንዳለበት ባነሳው ክርክርም ይጠቀሳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ዳይክስትራ የተወለደው በሮተርዳም ከተማ ነው። አባቱ ኬሚስት፣ እናቱ የሒሳብ ሰው ነበሩ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል በፕሮግራመርነት ተቀጠረ። ሙያው ገና ስላልታወቀ በ1957 ሲያገባ የከተማው ሹሞች ፕሮግራመር ብለው ሊመዘግቡት አልፈቀዱም፤ በጋብቻ ወረቀቱ ላይ የፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተጻፈ። አልጎሪዝሙን በ1956 አስቦ በ1959 አሳተመው። በ1962 በአይንድሆቨን ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበለ። ከ1984 እስከ 1999 በአሜሪካ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

የቲ.ኤች.ኢ. ሥርዓት

በአይንድሆቨን ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ቲ.ኤች.ኢ. የተባለውን ስርዓተ ክወና ሠራ። ሥርዓቱ የተገነባው በንብርብር ሲሆን፣ አንዱ ንብርብር በሚገባ ሳይፈተን ሌላው አይታከልበትም ነበር። በ1968 ባሳተመው ዘገባ፣ በፍተሻ የተገኙት ተራ የአጻጻፍ ስህተቶች ብቻ እንደነበሩ፣ መጠናቸውም በ500 ትዕዛዝ አንድ እንደሆነና እያንዳንዱ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንደተገኘ ገልጿል።

ባግ ወይስ ስህተት

የሶፍትዌር እንከን በተለምዶ ባግ ይባላል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው። ዳይክስትራ በ1988 በጻፈው ጽሑፍ ይህ ስያሜ እንዲቀር ጠየቀ። ምክንያቱም ፕሮግራመሩ ሳያይ ነፍሳቱ ከውጭ ሾልኮ የገባ ያስመስላል፤ ስህተት ሲባል ግን ኃላፊነቱ በሠራው ሰው ላይ ይወድቃል። በእሱ አስተያየት አንድ ስህተት ያለበት ፕሮግራም በጥቂቱ የጎደለ ሳይሆን በቀላሉ የተሳሳተ ነው። ሙከራ ስህተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ስለማያሳይ፣ ትክክለኛነት በሒሳብ መረጋገጥ እንዳለበትም ያምን ነበር።

ተቃውሞ

በሶፍትዌር ሥራ የሚቀርብ የስህተት ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምድብ ይሰጠዋል፦ ጉዳቱን የሚያሳየው ክብደት እና የመጠገኛ ተራውን የሚወስነው ቅድሚያ። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጥሙም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተሳሳተ የድርጅት ስም ጉዳቱ ቀላል ቢሆንም ወዲያው ይታረማል፤ ከስንት አንዴ ፕሮግራሙን የሚያቆም ከባድ ስህተት ግን ተራ ሊጠብቅ ይችላል። ጊዜና የሰው ኃይል ውስን በመሆኑ እንዲህ ያለው ምደባ በተግባር የማይቀር ነው። ዳይክስትራም ቢሆን በ1968ቱ ዘገባው ስህተቶቹን ተራ ብሎ መድቧቸዋል።

ዴሚሎ፣ ሊፕተንና ፐርሊስ በ1979 ባወጡት ጽሑፍ፣ የፕሮግራም ማረጋገጫ ረጅምና አሰልቺ ስለሆነ እንደ ሒሳብ ማረጋገጫ በብዙ ሰው እየተነበበ አይፈተሽም ሲሉ ተከራከሩ። ዶናልድ ክኑዝ ደግሞ በ1989 ቴክ በተባለው ፕሮግራሙ ላይ ያደረጋቸውን ማስተካከያዎች በ15 ዓይነት ከፍሎ አሳተመ፤ ዘጠኙ ባግ፣ ስድስቱ ማሻሻያ ነበሩ። በዚያው ዓመት የዳይክስትራ ሐሳብ በአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ከሌሎች ሊቃውንት ምላሽ ጋር ለክርክር ቀረበ።

ኅልፈት

ዳይክስትራ በ72 ዓመቱ በሆላንድ ኑነን በካንሰር በሽታ አረፈ። ከ1,300 በላይ ቁጥር የተሰጣቸው ጽሑፎችን ትቷል፤ ብዙዎቹ በእጅ የተጻፉ ናቸው። በስሙ የተሰየመው የዳይክስትራ ሽልማት ከ2003 ጀምሮ ይሰጣል።