በአንድ ዓይን የበሽታን ካርታ ያነበቡት ሐኪም

በአውሮፓውያኑ 1957 በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል አንድ ትንሽ ልጅ ለምርመራ ቀረበ። መንጋጋው ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ አብጦ ፊቱ ቅርጹን አጥቶ ነበር። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ዴኒስ በርኪት ምንነቱ ግራ አጋባቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጂንጃ ከተማ ፊቷ በተመሳሳይ ሁኔታ ያበጠ ልጅ አዩ። የመጀመሪያውን እንደ እንግዳ ነገር ሊያልፉት ይችሉ ነበር፤ ሁለተኛውን ግን አላለፉትም።

በርኪት በ1911 በአየርላንዷ ኢኒስኪለን ተወለዱ። በ11 ዓመታቸው በደረሰባቸው አደጋ ቀኝ ዓይናቸውን አጡ። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሕክምና ተምረው በብሪታኒያ ቅኝ ግዛቶች ለመሥራት ሲያመለክቱ የዓይናቸው ጉዳት ምክንያት ሆኖ ተከለከሉ። ዩጋንዳ ለመግባት የተሳካላቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946 ነው።

እብጠቱ የሕፃናት ካንሰር ነበር። በርኪት በ1958 ስለ ሕመሙ ጽሑፍ ካሳተሙ በኋላ፣ የት የት እንደሚገኝ ለማወቅ ተነሡ። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በአሮጌ መኪና 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። ካንሰሩ ሞቃትና ዝናባማ በሆነው ቆላ እንደሚበረታ፣ ወደ ደጋው ሲወጣ ግን እንደሚጠፋ ካርታቸው አሳየ። እሳቸውም ትንኝ የምታስተላልፈው ቫይረስ ይኖራል ብለው ገመቱ።

በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ንግግራቸውን ያደመጡት አንቶኒ ኤፕስታይን የእብጠቱ ናሙና እንዲላክላቸው ጠየቁ። በ1964 ኤፕስታይን፣ በርት አቾንግና ኢቮን ባር ከሄርፒስ ቤተሰብ የሆነ አዲስ ቫይረስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ኤፕስታይን-ባር የተባለው ይህ ቫይረስ ግን በትንኝ ሳይሆን በአብዛኛው በምራቅ የሚተላለፍ፣ ከ10 አዋቂዎች ከ9 በሚበልጡት ሰውነት ውስጥ የሚኖር ነው። ቆላውን የለየው ተደጋጋሚ የወባ ሕመም ነበር፤ ወባ የሕፃናቱን የመከላከል አቅም ስለሚያዛባ ቫይረሱ ወደ ካንሰር የሚያመራበት ዕድል ይጨምራል። የትንኟ ድርሻ በርኪት ከገመቱት በሌላ መንገድ ተገኘ።

ቫይረሱ ከአንዳንድ የአፍንጫና የጉሮሮ ካንሰሮች እንዲሁም መልቲፕል ስክለሮሲስ ከተባለው የነርቭ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ኋላ ታውቋል። በብዙዎች ግን ዕድሜ ልክ ተኝቶ ይኖራል። ምሥራቅ አፍሪካውያን በብዛት ከሚኖሩበት የኮለምበስ ክሊቭላንድ አቬኑ ብዙም በማይርቀው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የሕክምና ተማሪዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች የፈተና ጭንቀት የተኛውን ቫይረስ እንደሚቀሰቅስ የሚያመለክት ውጤት አግኝተዋል።

በርኪት የቀዶ ሕክምና ምላጭ ያልፈታውን እብጠት በመድኃኒት አክመው፣ የተወሰኑ ሕፃናት ሲድኑ ለማየት በቅተዋል። በመጋቢት 1993 በ82 ዓመታቸው ሲያርፉ ካንሰሩ ስማቸውን ይዞ ቀረ።