እቴጌ መነንና የስድስት ኪሎው ቤተ መንግሥት

በዚህ እትም የታዋቂ ሰው ታሪክ የማቅረብ ተራው የእኔ ነው። ስለ ማን ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ባለፈው ቅዳሜ ከክበባችን ጋር ስድስት ኪሎ ሙዚየም ሄደን መጣንና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሙዚየሙ ያለው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። ድሮ ግን ገነተ ልዑል የሚባል የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ የጠበቅኩት ወርቅ በወርቅ የሆነ ነገር ነበር። ፎቅ ወጥተን የንጉሡንና የእቴጌይቱን መኝታ ስናይ ግን አልጋ አለ፣ መስታወት አለ፣ መታጠቢያ ቤት አለ። ለካ ሰው የኖረበት ቤት ነው! ልጆቹ ሁሉ ስለ ንጉሡ ጠየቁ። ስለ እቴጌ መነን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ የማውቀው በስማቸው ትምህርት ቤት መኖሩን ብቻ ነበር። ቤት ስገባ ቆጨኝና ሰኞ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋስኩ።

እቴጌ መነን የወሎ ሰው ናቸው፣ አምባሰል። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ይባላሉ። ጃንጥራር የአምባሰል ገዢ ማዕረግ ነው እንጂ የሰው ስም አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ስለዚህ ልጅ ኢያሱ አጎታቸው ናቸው ማለት ነው። አጎትየው ግን በዕድሜ ከእሳቸው ያንሳሉ፤ አይገርምም?

በዚያን ጊዜ ልማድ ገና ልጅ ሳሉ ለባል ተሰጡ። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። እኔ ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ደብተር መያዝ የነበረባት ልጅ ቤት ያዢ ተባለች ማለት እኮ ነው። በኋላም ሌላ ትዳር ነበራቸው፣ ልጆችም ወልደዋል። ከዚያ በሐምሌ 1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን አገቡ። ከእሳቸው ስድስት ልጆች ወለዱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ እሳቸውም በዚያው ዕለት ዘውድ ጫኑ።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። የዳግማዊ ምኒልክም የተፈሪ መኮንንም ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት ለወንዶች ነበር። እቴጌ መነን ግን ከዘውዱ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቆይተው የሴቶች ትምህርት ቤት አሠሩ። ልጅ ሆነው የተዳሩት ሴት ልጅ እንድትማር ቤት ሠሩላት። ያ ትምህርት ቤት በደርግ ጊዜ ስሙ የካቲት 12 ተብሎ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ሲል ቤተሰቡ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። በኋላ እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ኖሩ። በስደት ላይ ሳሉ ቤተልሔም ሄደው አገራቸው ነፃ ከወጣች ዘውዳቸውን ሊሰጡ ተሳሉ። አገር ነፃ ሲወጣም ስለታቸውን አስገቡ፤ ያ የነገሡበት ዘውድ ለቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ተላከ።

እሳቸው በሌሉበት ይህ እኛ የጎበኘነው ግቢ ጉድ አይቷል። ግራዚያኒ የተቀመጠው እዚሁ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ የተወረወረበትም እዚሁ ግቢ ነው፤ ያን ተከትሎ ስንት ሺህ ሰው ተጨፈጨፈ። በር ላይ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ፋሽስቶች ለገዙበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ነው። አሁን ጫፉ ላይ የእኛ አንበሳ ተቀምጦበታል! ሁላችንም እዚያ ፎቶ ተነሣን።

ከስደት መልስ ደግሞ ኀዘን ጠበቃቸው። ልጃቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ከጦርነቱ በፊት ሞተው ነበር። እንግሊዝ አገር ነርስነት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ሞቱ። ልዑል መኮንን በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። ያን መኝታ ክፍል ሳይ ይህን ባውቅ ኖሮ እንደዚያ እየሳቅኩ አላልፍም ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሡ ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። በዚሁ ቤተ መንግሥት የታገቱ ባለሥልጣናት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፈተ። እቴጌ መነን ያን አይተው ሁለት ወር ያህል ነው የቆዩት። የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፉ።

መቃብራቸው አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ከ38 ዓመት በላይ አልፎ፣ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. የንጉሡ አፅም መጥቶ አጠገባቸው አረፈ። ከሙዚየሙ እስከዚያ በእግር እንኳ ይደረሳል፤ እኛ ግን አውቶቡሱ ቸኩሎብን አልሄድንም። የክበቡን አስተባባሪ መምህር ለሚቀጥለው ወር ጠይቀናቸዋል። መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ አስመዝግቡ።