በጦርነትና በወረርሽኝ መካከል የተጀመረው የክኑት ሮክኒ የአሰልጣኝነት ዘመን

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ስማቸው በግንባር ቀደምትነት ከሚነሳ አሰልጣኞች አንዱ ክኑት ሮክኒ ናቸው። የኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲን ቡድን በመሩባቸው 13 የውድድር ዘመናት 105 ጊዜ አሸንፈው በ12 ጨዋታዎች ተሸንፈዋል፤ በ5 ደግሞ አቻ ወጥተዋል። ስለ እርሳቸው የሚጻፉ ታሪኮች በአብዛኛው የሚያተኩሩት ቡድኑ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍና አቻ ሳይወጣ ባጠናቀቃቸው 5 የውድድር ዘመናት ላይ ነው። ዋና አሰልጣኝነቱን የተረከቡበት እ.ኤ.አ 1918 ግን በጥቂት መስመሮች ይታለፋል።

ሮክኒ እ.ኤ.አ ማርች 4 ቀን 1888 በኖርዌይ ቮስ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ሰረገላ ሠሪ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ በ1893 በቺካጎ ከተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጋር በተያያዘ ወደ አሜሪካ በመሻገራቸው ቤተሰቡም ኑሮውን በዚያችው ከተማ መሠረተ። ወጣቱ ሮክኒ በቺካጎ ፖስታ ቤት ተቀጥረው ለበርካታ ዓመታት ደብዳቤ ሲለዩና ሲያሠራጩ ቆይተው፣ ለትምህርት የሚሆናቸውን ገንዘብ ካጠራቀሙ በኋላ በኢንዲያና ግዛት ወደሚገኘው ኖተር ዳም ዩኒቨርሲቲ የገቡት በ22 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዕድሜ ሌሎች ትምህርታቸውን አጠናቀው ይወጣሉ።

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ በአገራችን ከሚታወቀው እግር ኳስ የተለየ ሲሆን፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት ነው። እ.ኤ.አ በ1913 የቡድኑ አምበል የነበሩት ሮክኒ የጦር አካዳሚውን ቡድን 35 ለ 13 ባሸነፉበት ጨዋታ የጓደኛቸውን የገስ ዶሬይስን ረጃጅም ውርወራዎች በመቀበል ዝና አተረፉ። ኳስን ወደፊት መወርወርን የፈጠሩት እርሳቸው እንደሆኑ አንዳንድ ጊዜ ቢነገርም ይህ ትክክል አይደለም፤ ደንቡ የተፈቀደው ከ7 ዓመት አስቀድሞ እ.ኤ.አ በ1906 ነው። ከተመረቁ በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እያስተማሩ የዋና አሰልጣኙ የጄሲ ሃርፐር ረዳት ሆነው ሠሩ። ሃርፐር በካንሳስ የከብት እርባታ ሥራ ላይ ለመሰማራት ኃላፊነታቸውን ሲለቁ ቦታው ለሮክኒ ተሰጠ።

አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ሥራ የጀመሩት አገሪቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በነበረችበት ወቅት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየግቢያቸው ወታደራዊ ሥልጠና ይሰጣቸው ስለነበር የልምምድ ጊዜ ከሠልፍና ከመሣሪያ ትምህርት ጋር መጣጣም ነበረበት። የሰው ኃይሉ በመሳሳቱም ከወትሮው ደንብ ውጪ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እንዲሰለፉ ተፈቀደ።

ቡድኑ ሴፕቴምበር 28 በመጀመሪያው ጨዋታ ኬዝን 26 ለ 6 ቢያሸንፍም፣ ወዲያውኑ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በመስፋፋቱ በኦክቶበር ወር አንድም ጨዋታ ማድረግ አልቻለም። በኢትዮጵያ የኅዳር በሽታ በሚል ስያሜ የሚታወሰውና በ1911 ዓ.ም አዲስ አበባን ክፉኛ የጎዳው በሽታ ይኸው ነበር። ተጋጣሚ የሌለውንና ተጫዋቾቹ ነገ የት እንደሚላኩ የማያውቁትን ቡድን ለ5 ሳምንታት ሳይበተን ማቆየት የአሰልጣኙ ከባድ ፈተና ሆነ።

ጨዋታው ሲቀጥል ዋባሽን 67 ለ 7 ረቱ። በሳምንቱ የገጠሟቸው የግሬት ሌክስ የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ተጫዋቾች ግን ከተለያዩ ኮሌጆች የተውጣጡ ብርቱዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ በኋላ የቺካጎ ቤርስ መሥራች የሆነው ጆርጅ ሃላስ ነው። ያም ሆኖ ጨዋታው 7 ለ 7 ተጠናቀቀ። ከዚያ በሚቺጋን የግብርና ኮሌጅ 13 ለ 7 ተሸንፈው፣ ፐርዱን 26 ለ 6 አሸንፈውና ከኔብራስካ ጋር ያለ ነጥብ ተለያይተው ዓመቱን ፈጸሙ። በ6 ጨዋታ 3 ድል፣ 1 ሽንፈት፣ 2 አቻ መሆኑ ነው። የዓመቱን ሪፖርት በአኃዝ ብቻ ለተመለከተ ኃላፊ ይህ ደካማ ጅምር ይመስላል፤ ቡድኑ ያለፈበትን ሁኔታ ላገናዘበ ግን እንደዚያ አይደለም።

ከዚያ ቡድን ጆርጅ ጊፕ የተባለው ተጫዋች የቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ምሰሶ ሆነ። እ.ኤ.አ በ1919 እና በ1920 ኖተር ዳም በየዓመቱ 9 ጨዋታ አድርጎ ሁሉንም አሸነፈ። ጊፕ ግን በዲሴምበር 1920 በ25 ዓመቱ በጉሮሮ ሕመምና በሳንባ ምች አረፈ። ኮሌጁን ትቶ ወደ ትውልድ ከተማው የተመለሰው ሌላው የ1918 ተጫዋች ከርሊ ላምቦ በበኩሉ በቀጣዩ ዓመት የግሪን ቤይ ፓከርስን ቡድን በማቋቋም ተሳትፏል።

ሮክኒ ስህተት የሌለባቸው ሰው አልነበሩም። እ.ኤ.አ በ1926 ቡድናቸውን ለረዳታቸው ትተው በቺካጎ የሌሎችን ጨዋታ ሲመለከቱ ኖተር ዳም ባልተጠበቀ ሁኔታ በካርኔጊ ቴክ 19 ለ 0 ተሸንፏል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ በ1929 በእግር ደም ሥር ሕመም ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው መርተዋል። አዲሱ ስታዲየም በግንባታ ላይ ስለነበር በዚያ ዓመት ቡድኑ በሜዳው አንድም ጨዋታ ባያደርግም ዘጠኙንም አሸንፏል። በተከታዩ ዓመት ደግሞ በአዲሱ ስታዲየም ታግዞ 10 ጨዋታዎችን በድል አጠናቀቀ።

ይህ የመጨረሻ ዓመታቸው ሆነ። እ.ኤ.አ ማርች 31 ቀን 1931 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበሩ የተሳፈሩበት አውሮፕላን በካንሳስ ባዛር በተባለች መንደር አቅራቢያ ወድቆ በውስጡ የነበሩ 8 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። ሮክኒ የ43 ዓመት ሰው ነበሩ። ከእንጨት የተሠራው የአውሮፕላኑ ክንፍ መገጣጠሚያ ማጣበቂያ በእርጥበት መላላቱ ለአደጋው ምክንያት እንደሆነ የተገለጸ ሲሆን፣ አደጋው የቀሰቀሰው የሕዝብ ቁጣ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠሩ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ቶሎ ሥራ ላይ እንዲውሉ ገፋፍቷል።

አስከሬናቸውን እንዲለዩ የተጠሩት በዚያው በካንሳስ ይኖሩ የነበሩት ጄሲ ሃርፐር ናቸው። ሃርፐር ከ13 ዓመት በፊት ወደ ተዉት ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው የስፖርት ክፍሉን ኃላፊነት ተረከቡ።