ዶክተር ሊዮ ካነርና የእናቶች ክስ

ነገ በምንመደብበት ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ የሰው ዓይን የማያይ፣ የሰማውን ቃል ብቻ እየመለሰ የሚደጋግም ልጅ ሊያጋጥመን ይችላል። እንዲህ ያሉትን ልጆች ኦቲዝም በሚለው ስም ለዓለም ያስተዋወቁት ዶክተር ሊዮ ካነር ናቸው። ታሪካቸውን አጠር አድርገን እነሆ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካነር በ1894 ዓ.ም. ያን ጊዜ የኦስትሮ-ሀንጋሪ ግዛት በነበረችና ዛሬ በዩክሬን ውስጥ በምትገኝ መንደር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ሕክምናን በበርሊን ሲማሩ አንደኛው የዓለም ጦርነት ደረሰና ወታደር ሆኑ፤ ትምህርታቸውን የጨረሱት በ1921 ነው። በ1924 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1930 ደግሞ ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አቋቋሙ።

በ1938 ከሚሲሲፒ ዶናልድ የሚባል የ5 ዓመት ልጅ መጣላቸው። አባቱ ስለ ልጁ ጠባይ 33 ገጽ ደብዳቤ አስቀድሞ ልኮላቸው ነበር። ልጁ ዕቃ ማሽከርከርና መቁጠር ይወዳል፤ የሰማውን አይረሳም፤ ሰው ግን ከቁም ነገር አይቆጥርም። ስለ ራሱ ሲናገር እንኳ እኔ በማለት ፈንታ አንተ ይል ነበር። ካነር ሌሎች ተመሳሳይ ልጆችን ጨምረው፣ 8 ወንዶችና 3 ሴቶች፣ በጠቅላላው የ11 ልጆችን ሁኔታ በ1943 ጽፈው አወጡ። በእርግጥ ግሩንያ ሱካሬቫ የተባሉ የሶቪየት ሐኪም በ1925 ተቀራራቢ ነገር ጽፈው ነበር፤ ግን ማን ሰማቸው!

ታዲያ ካነር በዚያው ጽሑፍ ችግሩ ከልጁ ጋር አብሮ የሚወለድ ነው ብለው ሳለ፣ ከወላጆቹ ብዙዎቹ ለልጆቻቸው ፍቅር የማያሳዩ ናቸው የሚል ነገር አከሉበት። በ1949 ጭራሽ ልጆቹን በማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ ነገር ጋር አመሳሰሏቸው። ከዚያ በኋላ ወሬውን ማን ይያዘው? ልጇ አልናገር ያላት እናት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው ተብላ መመለስ ሆነ ዕጣዋ። በ1967 ብሩኖ ቤተልሃይም ይህንኑ ሐሳብ በመጽሐፍ አስፋፋው። በኛም አገር ቢሆን እርግማን ነው፣ ቁጣ ነው እየተባለ ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ በእናቲቱ ላይ አይደለም እንዴ?

ክሱን የተቃወመው በርናርድ ሪምላንድ የሚባል የሥነ ልቡና ምሁር ነው፤ እሱ ራሱ የኦቲዝም ልጅ አባት ነበር። በ1964 ባወጣው መጽሐፍ የችግሩ ምንጭ የአካል እንጂ የአስተዳደግ አለመሆኑን አስረዳ። መቅድሙን የጻፉለት ካነር ናቸው። በ1969 ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ በወላጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሥተው ወላጆቹን ከክሱ ነፃ ናችሁ አሏቸው። ሰውየው ይህን ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ዳሩ ግን ከ1949 እስከ 1969 ድረስ 20 ዓመት ነው፤ በዚያ መካከል ስንት እናት ራሷን ስትወቅስ ኖረች። በ1977 በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር ድርሻ ከፍተኛ መሆኑን አሳየ።

ዶናልድስ ምን ሆነ? በ1942 ወላጆቹ ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ ከአንድ ገበሬና ከሚስቱ ዘንድ አስቀመጡት። ካነር በ1945 ሊያዩት ሄደው ተደነቁ። ገበሬው ልጁን መቁጠርህን ተው አላለውም፤ በቆሎውን እያረሰ ትልሙን እንዲቆጥር አደረገው እንጂ። መለካት ስለሚወድ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሮ ጥልቀቱን እንዲነግረው አዘዘው። የሞቱ ወፎችና ነፍሳት ሲለቃቅም ቢያየው መቅበሪያ ቦታ ሰጠው። እኛ ፔዳጎጂ ብለን በማስታወሻ የምንገለብጠውን እሱ በእርሻው ላይ ሠራው! የገጠሩ ትምህርት ቤትም ልጁን ከነጠባዩ ተቀበለው፤ ትምህርቱም ቀና።

ካነር በ1981 በ86 ዓመታቸው ሞቱ። ዶናልድ በ1958 ከኮሌጅ ተመርቆ ለብዙ ዓመታት በባንክ ሠራ፤ መኪና መንዳት ተማረ፤ ብዙ አገር ዞሮ አየ። በተወለደባት ከተማ በ2023 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።