መሐመድ አሚን፦ አዲስ አበባ ላይ እጁን አጥቶ ካሜራውን ያልጣለው ሰው

የ1977ቱን የኮረም ረሃብ ለዓለም ያሳየውን ቪዲዮ ማን እንደቀረጸው ታውቃላችሁ? ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። ወዳጆቹ «ሞ» ይሉታል።

በ1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ተወልዶ ታንዛኒያ አደገ። ካሜራ የያዘው ገና በልጅነቱ ነው፤ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ካሜራፒክስ የተባለ የራሱን ድርጅት ከፈተ። ለቱርካና ሐይቅ መጽሐፉ በረሃውን አቋርጧል፤ ስለ አውራሪስ መጥፋት የተጻፈ መጽሐፍም በእሱ ፎቶዎች ታትሟል። ጦርነትና ረሃብ ያለበት ቦታም አይቀርም ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር የሠራው የኮረም ዘገባ ተላለፈ። ከ400 በላይ ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ባንድ ኤይድና ላይቭ ኤይድ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ግንቦት 27 ቀን 1983 እዚሁ ደቡብ አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ሰው ሲሸሽ ሞ ወደ እሳቱ ሄደ። እየቀረጸ ሳለ በደረሰው ሌላ ፍንዳታ ግራ እጁን አጣ። አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ግን እዚያው ሞተ።

ሞ ቤቱ አልተቀመጠም። ሰው ሠራሽ እጅ ተገጥሞለት፣ በወራት ውስጥ መቅረጽ ጀመረ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ። ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ ሞ ነበር፤ ገና በ53 ዓመቱ።

ዛሬ ፉሪም ሆነ ሌላ ሰፈር አንድ ነገር ሲፈጠር ሁላችንም ስልክ እናወጣለን። የሞ ቪዲዮ እህል አስጭኗል፤ ዋጋውን ግን እሱ ብቻ አልከፈለም። ጆን ማታይንም አትርሱት።