ባለቅኔው ቄስ ዣሲንት ቬርዳጌር

በስፔን የካታሎኒያ ግዛት በመካከለኛው ዘመን ይካሄድ የነበረው የግጥም ውድድር ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ከቆየ በኋላ በ1859 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በባርሴሎና ከተማ እንደገና ተጀመረ። በወቅቱ የካታላን ቋንቋ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ከተወገደ ከ140 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ገበሬው በቤቱ ይናገረዋል፤ መዝገብ ቤት ግን አያውቀውም። የውድድሩ ሽልማት አበባ ሲሆን ስለ አገር ለተገጠመው ግጥም የሚሰጠው ከወርቅ የተሠራ የዱር ጽጌረዳ ነበር።

በዚህ መድረክ ስማቸው የገነነው ዣሲንት ቬርዳጌር በ1845 ፎልጌሮሌስ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። ለክህነት ሲማሩ በአንድ ገበሬ ቤት ልጆች እያስተማሩና በእርሻ ሥራ እየረዱ ይኖሩ ነበር። በ1865፣ ገና በ20 ዓመታቸው ገደማ፣ ሽልማታቸውን ሊቀበሉ ወደ ባርሴሎና የመጡት የገበሬ ልብስ እንደለበሱ፣ የገጠሩን ቆብ እንደያዙ ነበር። ለከተማው ታዳሚ ይህ አለባበስ ከግጥሙ ያላነሰ መልእክት ነበረው።

በ1870 ቅስና ከተቀበሉ በኋላ ጤናቸው በመታወኩ በስፔንና በኩባ መካከል በሚመላለስ መርከብ ላይ በቄስነት አገለገሉ። በባሕር ላይ ያጠናቀቁት «አትላንቲዳ» የተሰኘው ረጅም ግጥም በ1877 ተሸለመ። በ1883 ደግሞ ለባርሴሎና የገጠሙት ውዳሴ ሽልማት ሲያገኝ፣ የከተማው ምክር ቤት በ100 ሺህ ቅጂ አሳተመው። አንድ የከተማ አስተዳደር ለግጥም ይህን ያህል ወረቀት ማውጣቱ፣ ያውም በቢሮ በማይሠራበት ቋንቋ፣ እንግዳ ነገር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የፒሬኔ ተራሮችን የሚያወሳው «ካኒጎ» ታተመ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን ግን የመከራ ነበር። በአንድ ባለጸጋ መኳንንት ቤት ምጽዋት አከፋፋይ የነበሩት ቄስ ዕዳ ውስጥ ገቡ፤ አጋንንት በማስወጣት ሥርዓት መሳተፋቸውም ቅሬታ አስነሳባቸው። በ1893 ከባርሴሎና እንዲርቁ ተደረገ፤ በ1895 ከቅዳሴ ታገዱ። እርሳቸውም ዝም አላሉም፤ አቤቱታቸውን በጋዜጣ አወጡ። እገዳው የተነሣላቸው በ1898 ነበር።

ሰኔ 10 ቀን 1902 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ፣ በድህነት ያሳለፉትን ቄስ ለመሸኘት የባርሴሎና ሕዝብ ጎዳናውን ሞላው። በ1971፣ የካታላን ቋንቋ በድጋሚ ከመንግሥት ሥራ ውጭ በሆነበት በጄኔራል ፍራንኮ ዘመን፣ የስፔን ባንክ የ500 ፔሴታ ኖት አወጣ። በኖቱ ላይ ያለው ምስል የቬርዳጌር ነው።